ለወንዞቹ የተጨመረው ኪኒን

እናቴ ከጎኗ የቆመ ሰው አታይም ነበር። ፊት ለፊቷ ያለውን፣ የመርፌ ቀዳዳ ሳይቀር፣ አጥርታ ታያለች። ከግራና ከቀኝ ያለው ግን ለእሷ ጭጋግ ነው። ስለዚህ አብረን መንገድ ስንሄድ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ እቀድማት ነበር። የማያውቁን ሰዎች «ይቺ ልጅ እናቷን ትቀድማለች፤ የሚቀጣት የለም?» ይሉ ነበር። እኛ መንገዳችንን እንቀጥል ነበር። ነገሩ እንዴት እንደመጣ አሁን እጽፈዋለሁ። የሚያውቁት ሰዎች ከእኔ በቀር አልቀዋል።

የተወለድኩት መቱ ነው። ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ነበር። መቱ ያኔ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያንና ጫካው ዳር የተበተኑ የሣር ቤቶች ነበረች። በእኛ አገር የማይዘንብበት ወር ጥቂት ነው። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከጫካው ተነሥቶ በግቢያችን ሲያልፍ መጀመሪያ አጥሩን፣ ከዚያ የታሰረችውን በቅሎ፣ ከዚያ ደጃፉ ላይ ያለውን ዋንዛ ይወስዳል። ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ አንድ በአንድ ይመልሳቸዋል። ልጅ ሳለሁ ሁሉንም የሚመልስ ይመስለኝ ነበር። የዚያን ጊዜ ነገር ሳስታውስ ዛሬም በዚያ ጭጋግ ውስጥ ነው የማየው፤ አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ እዚያው ይቀራል።

አባቴ ከሸዋ የመጣ ጸሐፊ ነበር። አለቆቹ ጎሬ ስለነበሩ ዕድሜው በመቱና በጎሬ መካከል በበቅሎ ጀርባ ላይ አለቀ። ማንበብ ያስተማረኝ እሱ ነው። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ይሁን ወድዶ፣ አልጠየቅሁትም። ታላቅ እኅቱ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር፤ እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። የቤቱ ቁልፍ በእሳቸው መቀነት ላይ ነው የሚውለው። ሰው ሲታመም ደግሞ የሚያስታምሙት እሳቸው ነበሩ። በዚህ ማንም አይፎካከራቸውም።

መድኃኒት የሚሰጡን ከጫካው ዳር ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ኦሮሞዎቹ ለእናት በሚሉት አጠራር መንደሩ ሁሉ «አዮ» ይላቸዋል። የሚናገሩት አማርኛ ኦሮምኛ የተቀላቀለበት ነው፤ እኛም ለእሳቸው ስንመልስ እንደዚያው እንቀላቅል ነበር። በየሁለት ወሩ ሰው ሁሉ ለሆዱ ትል ኮሶ ሲጠጣ፣ ልኩን የሚያወጡለት አዮ ናቸው። ሚዛን የላቸውም። የሚጠጣውን ሰው ያቆሙና ክንዱን ጨበጥ ያደርጋሉ፤ ባለፈው ጊዜ እንዴት እንዳደረገው ይጠይቃሉ፤ ከዚያ በመዳፋቸው ይዘግናሉ። ለእርጉዝ አይሰጡም። ለሕፃን አይሰጡም። ከበሽታ ለተነሣም «ሱታ፣ ሱታ» ብለው፣ ቀስ በል ማለታቸው ነው፣ ወር ያስጠብቁታል።

አንድ ጎረቤት ነበረን፤ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ትልቅ። አንድ ጊዜ አዮ የለኩለትን ኮሶ አይቶ «ይሄ የአራስ ልክ ነው!» ብሎ ሳቀና ከቤቱ የነበረውን ሌላ ዱቄት ጨምሮ በጥብጦ ጠጣው። ሦስት ቀን ወደቀ። ሲነሣ ዓይኑ ፈዝዞ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግድግዳ እየዳሰሰ ኖረ። ሰው ቡዳ በላው አለ። አዮ ግን «ቡዳ አይደለም፤ ልኩ አለፈ» አሉ። ያን ጊዜ ይህን ነገር እንደ ቁም ነገር አልያዝኩትም።

መድኃኒት ያኔ ሕግ ነበረው። ቅጠሉን የሚቆርጥ ሰው መንገድ ላይ ሰላምታ አይመልስም። የቅጠሉ ስም አይነገርም፤ ከተነገረ ኃይሉ ያልቃል። ሦስተኛው ሕግ፣ መድኃኒት ወንዝ ከተሻገረ ይረክሳል የሚለው ነው። ስለዚህ በሽተኛው ራሱ ወደ መድኃኒቱ ይመጣል። መምጣት ካልቻለ በእያንዳንዱ ወንዝ ልክ ይጨመራል። አንድ እፍኝ ለበሽታው ከሆነ፣ አንድ ወንዝ ካለ አንድ እፍኝ፣ ሁለት ካለ ሁለት እፍኝ በላዩ። ይህን «የወንዙን መጨመር» ይሉታል። እንደ ዓርብና ረቡዕ ጾም ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነበር፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

በዚያ ዓመት የእናቴ ወንድም ወደ ቆላው ወርዶ ይኖርበት በነበረው ቦታ ሞተ። እናቴ ለልቅሶ ወርዳ ተዝካሩን አውጥታ ተመለሰች። ከተመለሰች በሁለተኛው ሳምንት ንዳድ ያዛት። ወባ ማለት ነው፤ ያኔ ንዳድ ነበር የምንለው። አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ያርፋል። ሲመጣ መጀመሪያ ብርድ ነው፤ ያለውን ጋቢ ሁሉ ብንደርብባት ጥርሷ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ እሳት። ከዚያ ላብ። ንዳዱ በሚያርፍበት ቀን ቀጭን ሆና፣ ፀጥ ብላ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን ታሾራለች። ከእኛ ርቃ የሄደች ይመስለኝ ነበር፤ እጇ ብቻ ቤት ቀርቶ የሚፈትል።

አዮ አረንጓዴ ጭማቂ በቅል ይዘው መጡ። ስሙን አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም። እናቴ ስትጠጣው ፊቷ ሲጨማደድ አይቼ እኔም ምራቄን ዋጥኩ። አራት ቀን አጠጧት። ትኩሳቱ ቀነሰ፤ አምስተኛው ቀን ላይ ግን ብርዱ እንደገና መጣ። አዮ መደቡ ላይ ተቀምጠው ሲያዩዋት ቆዩና እትዬን እንዲህ አሏቸው።

«ይሄ የቆላ ንዳድ ነው። የእኔ ቅጠል ያበርደዋል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም። ጎሬ ያለው ሐኪም ነጭ ቆሪቻ አለው ይላሉ። ላኩና አስመጡ።»

ቆሪቻ በኦሮምኛ መድኃኒት ነው። እትዬ ዓይናቸውን አፈጠጡ። «እርስዎ ራስዎ ነዎት ወደ ፈረንጅ የሚልኩን?»

«እኔ ያልቻልኩትን ሌላ ይችለው እንደሆን ብዬ ነው። ሰው ሲሞት ከማይ ሲድን ማየት ይሻለኛል።»

አባቴ በማግሥቱ ወደ ጎሬ ወጣ፤ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ከኮሮጆው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ጠርሙስ አወጣ። በመስታወቱ ውስጥ ነጫጭ ፍሬዎች ተደርድረው ይታዩ ነበር። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ የሚናገረውን አንድ አስተርጓሚ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። ብዙ ጠየቀኝ አለ አባቴ፤ ዕድሜዋን፣ እርጉዝ ትሁን አትሁን፣ ትኩሳቱ በስንት ቀን እንደሚመለስ።

«ከዚህ በፊት ምን መድኃኒት ወሰደች ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አልክ?» አሉ እትዬ።

«ምንም አልወሰደችም አልኩ።»

እትዬ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። መድኃኒት አይነገርማ።

አስተርጓሚው የጻፈው ወረቀት አብሮ ነበር። አባቴ እኔ እንዳነበው ሰጠኝ። «ጠዋት አንድ ፍሬ፣ ማታ አንድ ፍሬ፣ እስከ ሰባት ቀን። ጆሮዋ አብዝቶ ከጮኸ ይቁም፤ ወደ እኔም ይላክ።» ሳልደናቀፍ ስለጨረስኩ አባቴ ደስ አለው። ንዳድ ተመላላሽ ነውና ሐኪሙ ለሌላ ጊዜ የሚቀመጥ ኪኒን ጨምሮለት ስለነበር ጠርሙሱ ሙሉ ነበር። ወረቀቱን አጣጥፎ በዳዊቱ ውስጥ አስቀመጠው። ነጋ ሲል አለቃው ይጠብቀው ስለነበር ወደ ጎሬ ተመለሰ።

እትዬ ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃን አነሡት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ከጎሬ እዚህ ስንት ወንዝ ነው?» አሉኝ።

ከአባቴ ጋር አንድ ጊዜ ሄጄ ስለነበር አውቃለሁ። በዚያን ጊዜ የበቅሎ መንገድ ውሃ የሚሻገረው ሁለት ቦታ ነው። «ሁለት» አልኩ።

«ፈረንጁ ይህን ከየት ያውቃል!» ሳቁ። «ለጎሬ ሰው ነው የለካው። እሱ ደጃፍ ለተኛ ሰው።» ሦስት ፍሬ መዳፋቸው ላይ አወጡ። በጣታቸው አንድ በአንድ እየነኩ፣ «አንዱ የመድኃኒቱ ነው። አንዱ የመጀመሪያው ወንዝ። አንዱ የሁለተኛው ወንዝ።»

እናቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ መዳፋቸውን አየች። «ሦስት ነው እንዴ?»

«ለአንቺስ አንድ ነው» አሏት እትዬ። «ሁለቱ ለመንገዱ ነው።»

እናቴ ፈገግ አለች። ዋጠቻቸው።

ስህተት ነው የሚል ሐሳብ አልመጣብኝም። ወረቀቱን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ይላል። ነገር ግን ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ኪኒኑ ነው፤ ስለ ወንዙ ምንም አላለም። ሁለቱ በአእምሮዬ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳይነካኩ ኖሩ። እንዲያውም በሁለተኛው ቀን፣ ኩራዝ ሲበራ፣ እትዬ ደክሟቸው ሁለት ፍሬ ብቻ ይዘው ወደ እናቴ ሲሄዱ ያየኋቸው እኔ ነኝ።

«እትዬ፣ የሁለተኛው ወንዝ ቀርቷል» አልኳቸው።

«ወይ የጸሐፊ ልጅ!» አሉ። ተመልሰው ሦስተኛውን አወጡ። ራሴን ዳበስ አደረጉኝ።

በሦስተኛው ቀን ብርዱ ሊመጣ የሚገባው ሰዓት ደርሶ አለፈ፤ ብርዱ ግን አልመጣም። እትዬ በደስታ እልል ሊሉ ሲሉ አፋቸውን ያዙ። እናቴ ጋቢዋን ገፋ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ራሷን ዘንበል አድርጋ አንድ ነገር ታዳምጣለች።

«ሶር ነው እንዴ የሚጮኸው?» አለችኝ።

ሶር ከመቱ ራቅ ብሎ በጫካ ውስጥ ከገደል የሚወርድ ወንዝ ነው። ፏፏቴው ከእኛ ግቢ አይሰማም። አልሰማሁም አልኳት። ከንፈሬን ስታይ ቆየችና «አዎ፣ ሶር ነው» አለች፤ የምላትን እንዳልሰማች አላወቅኩም። ቀኑን ሙሉ ያዳመጠችው ያን ውሃ ነው። ጭጋጉ በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላም አልተነሣም ነበር። በበሩ እየገባ የቤቱን ጥግ ሞላው፤ እናቴ በመካከሉ ዓይኗን ከድና፣ እኛ የማንደርስበት ወንዝ ዳር የተቀመጠች ትመስል ነበር። ቀናሁባት። እውነቱን ለመጻፍ ያህል ነው፤ ቀናሁባት።

እትዬ «በሽታው ሲወጣ ይጮኻል፤ ኮሶም ሲጠጡት እንዲሁ ያስጮኻል» አሉ። ወረቀቱ ትዝ ብሎኝ ነበር ወይ? ነበር ብል እዋሻለሁ። ፈጽሞ አልነበረም ብልም እዋሻለሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከውጭ ውሃ ይዤ ስገባ እናቴ ተነሥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«በሩን ለምን አልከፈታችሁትም?» አለች። «አልነጋም እንዴ?»

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ፀሐይ እግሯ ላይ ነበረች።

እትዬ እጃቸውን ፊቷ ላይ አወዛወዙ። እናቴ ዓይኗን አላርገበገበችም። ከዚያ በኋላ የእትዬን ጩኸት መንደሩ ሰማ። ነጠላቸውን ሳያጣፉ በባዶ እግራቸው እስከ ጫካው ዳር ሮጡ። ሲመለሱ አዮ ከኋላቸው፣ ከአዮ ኋላ ደግሞ ሦስት አራት የጎረቤት ሴቶች ነበሩ።

«ምን አጠጣሻት?» አሉ እትዬ ደጃፉ ላይ። አዮን «አንቺ» ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። «ንገሪኝ፣ ምን መርዝ ነው ያጠጣሻት?»

«ኤቢቻ» አሉ አዮ። «በአማርኛ ግራዋ ትሉታላችሁ። በአጥራችሁ ላይ አለ።»

ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። አንዷ «ስሙን ጠራችው!» ብላ አንሾካሾከች።

«ጠራሁት። ዓይን ሲጠፋ ስም አይደበቅም። ከመንገዱ ዞር በሉልኝ።»

አዮ ገብተው የእናቴን ፊት በሁለት መዳፋቸው ይዘው ወደ በሩ አዞሩት። ጣታቸውን ከወዲያ ወዲህ አደረጉ። ጆሮዋ ሥር ጮኸው ጠሯት፤ እናቴ በሦስተኛው ጥሪ ነው «አቤት» ያለችው።

«ምን ይሰማሻል?»

«ውሃ» አለች እናቴ። «ብዙ ውሃ።»

አዮ ቀስ ብለው ወደ እኛ ዞሩ። «ያንን ግድግዳ ዳሳሽ ጎረቤታችሁን ታስታውሱታላችሁ? እንደዚህ ነበር። መጀመሪያ ጆሮው ጮኸ፣ ከዚያ ጨለመበት። ይሄ ኤቢቻ አይደለም። ይሄ ልኩ ያለፈ መድኃኒት ነው። ማን ለካላት?»

«ሐኪሙ ነዋ!» አሉ እትዬ።

«ሐኪሙ ስንት አለ?»

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ዳዊቱን ከተሰቀለበት አወረድኩ፤ ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩ። በዚህ ጊዜ ድምፄ ተደናቀፈ። ጆሮዋ አብዝቶ ከጮኸ ይቁም የሚለው ላይ ስደርስ እትዬ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«አንድ ይላል» አሉ አዮ። «የተሰጣትስ?»

«ሦስት» አልኩ። «ጠዋት ሦስት፣ ማታ ሦስት። ሁለቱ ለወንዞቹ ነው።»

አዮ ጠርሙሱን አንሥተው በጥፍራቸው ቿ ቿ አደረጉት። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። የተቆጡ አይመስሉም ነበር፤ የደከሙ ነው የሚመስሉት።

«እናቴ ይህን ሙያ ስታስተምረኝ» አሉ፣ «ወንዝ ያለችው ሩቅ ለማለት ነው። ዛሬ ጠዋት የቆረጥኩት ቅጠል ወንዝ ተሻግሮ እስኪደርስ ፀሐይ ይመታዋል፤ ይጠወልጋል፤ ውሃው ያልቃል። የጠወለገውን ያህል ይጨመርለታል። ቅጠል ስለሆነ። ይሄ ይጠወልጋል?» ጠርሙሱን ለእትዬ አሳዩዋቸው። «ይሄ ከፈረንጅ አገር ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ለወንዞቹ ሁለት ከጨመርሽ፣ ለባሕሩ ስንት ልትጨምሪ ነበር?»

እትዬ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ማንም ሊያነሣቸው አልሞከረም።

አዮ በዚያ ቀን ምንም ቅጠል አልሰጡም። አንዲቷ ሴት «ዓይን የሚያበራ ቅጠል የለዎትም?» ስትላቸው፣ «አለኝ። ግን ያ ነጩ በሆዷ ውስጥ እያለ ከእኔው ጋር ቢገናኝ ምን እንደሚሆን አላውቅም። የማላውቀውን አልሰጥም» አሉ። ውሃና ወተት እንድናጠጣት አዘዙ። አንድ ጎረቤት በበቅሎ ወደ ጎሬ ተላከ። አባቴ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ሐኪሙ ያለው አዮ ካሉት ብዙም አይለይም፤ ኪኒኑ ይቁም፣ ትረፍ፣ ይጠበቅ። ዓይኗ ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። አባቴ ይህን ሲናገር ወደ እትዬ አላየም። እትዬም ወደ እሱ አላዩም።

ስለዚህ ጠበቅን። እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ በዳበሳ ትፈትል ነበር። ክሩ ከወትሮው ያማረ ነበር፤ ይህን ያስተዋልኩት እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ። በየጠዋቱ ጭጋጉ ሲነሣ ፊት ለፊቷ እቆምና አንድ ነገር ይዤ «ምን ይዣለሁ?» እላታለሁ። ጮክ ብዬ ነው፤ ጆሮዋም ገና ውሃ ውስጥ ነበረ። የመጀመሪያዎቹን ጠዋቶች «ምንም» ትለኛለች። ጠዋቶቹን አልቆጠርኳቸውም። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስባቸው አንድ ረጅም ጠዋት ይመስሉኛል፤ ፀሐይዋ ከዋንዛው ጫፍ ላይ የቆመችበት።

አንድ ቀን ባዘቶ ይዤ ቆሜ ሳለ «ነጭ ነገር» አለች።

እትዬ ከቤት ውስጥ ሰምተው ወጡ፤ ግን አልቀረቡም፤ ምሰሶውን ይዘው ቆሙ። በማግሥቱ እናቴ «እጅሽ» አለች። ሌላ ቀን ደግሞ ምንም ሳልይዝ ፊት ለፊቷ ስቆም ለረጅም ጊዜ አየችኝና «ፀጉርሽን ማንም አላበጠረሽም እንዴ ይህን ሁሉ ቀን?» አለችኝ። ማልቀሴን አስታውሳለሁ። እሷ አላለቀሰችም።

ብርሃኑ የተመለሰላት ከመካከል ነው፤ ጭጋግ ሲቀደድ መጀመሪያ እንደሚታየው ቀዳዳ። ቀዳዳው እየሰፋ ሄደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ጎንና ጎኑ አልተመለሰም። ጆሮዋ ድኖ ሰው መስማት ብትጀምርም፣ ውሃው ከሥሩ እንዳለ ቀረ። አልፎ አልፎ፣ ፀጥ ባለ ሰዓት፣ «ዛሬ ሶር ሞልቷል» ትል ነበር። ንዳዱ ግን ተመልሶ አልመጣም። ይህንንም መጻፍ አለብኝ። ያ ነጭ ፍሬ ከሞት አድኗታል። ልኩን ይዞ ቢሆን ምንም ሳይወስድባት ያድናት ነበር።

እትዬ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው ወደ አዮ ቤት ሄዱ። እኔ ተከትያቸው ነበር። አዮ ከደጃፋቸው ሆነው አዩዋቸውና፣ «እሰይ፣ አንድ ጉልቻ ጎድሎኝ ነበር። እዚያ ምድጃው ዘንድ አስቀምጪልኝ» አሉ። እትዬ አስቀመጡ። «ይቅር ይበሉኝ» አሉ። አዮ «ተቀመጪ፣ ደክሞሻል» አሏቸው። ያ ድንጋይ አዮ እስኪሞቱ ድረስ ድስታቸውን ተሸከመ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ለማንም መድኃኒት በእጃቸው ሰጥተው አያውቁም፤ ቁልፉንም ለእናቴ አስረከቡ። እናቴ ተቀምጣ ሳለ ሲገቡ ግን ከሩቅ ጀምረው «እኔ ነኝ። በግራሽ በኩል ነኝ» ይላሉ። እስኪሞቱ ድረስ እንዲሁ አሉ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ እኔም ትምህርት ቤት ገብቼ ሁለተኛ ደረጃን ጨረስኩ፤ በዚሁ በመቱ በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ ጡረታዬ ደረሰ። አሁን ለደም ግፊቴ ከሆስፒታል ኪኒን እወስዳለሁ። መድኃኒት የምትሰጠኝ ልጅ ሁልጊዜ «እማማ፣ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ? የባህል መድኃኒትም ቢሆን» ትለኛለች። ከእኔ ጋር የሚሰለፉት እኩዮቼ «ኧረ የለም!» ሲሉ እሰማለሁ፤ ከመካከላቸው ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም በማር የሚበሉትን አውቃቸዋለሁ። እኔ ግን ቅጠሉን በስሙ ጠርቼ እነግራታለሁ። ከጎረቤት ቅጠል የሚያመጡልኝንም፣ ኪኒን የምትሰጠኝንም አንድ ነገር ነው የምጠይቃቸው፤ ስንት? ቅጠል የዋህ ነው፣ ኪኒን ክፉ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አልከራከርም። ግድግዳ የሚዳስሰውን ጎረቤታችንን አስባለሁ። የተገላቢጦሽ የሚለኝ ሲያጋጥመኝ ደግሞ እናቴን አስባለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል።

እናቴ አርጅታ፣ እኔም ሴት ልጅ ወልጄ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን እየተመለስን ነበር። ዘንቦ አባርቷል። እንደ ልማዴ አንድ እርምጃ ቀድሜያለሁ። ለምን በዚያ ቀን እንደሆነ አላውቅም፤ ፊቴን ሳላዞር፣ ይሰማት ዘንድ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት።

«ያኔ እትዬ ሁለት ፍሬ ብቻ ይዘው ሲመጡ፣ የሁለተኛው ወንዝ ቀርቷል ያልኩት እኔ ነኝ።»

ጥቂት ተራመድን። አልሰማችኝም ብዬ ልደግመው ስል፣

«ሰምቼሻለሁ» አለች። «ያን ዕለትም ሰምቼሻለሁ። ጆሮዬ ገና ደኅና ነበር።»

ቆምኩ። ልዞር ፈለግሁ። እሷ ከኋላዬ ጀርባዬን በቀስታ ገፋ አደረገችኝ።

«አትቁሚ» አለች። «ከፊቴ ሁኚ፤ ልይሽ።»